ከዜሮ የሚጀምር ገጽ

የእህቴን ባል የጠላሁት ከዊኪው በፊት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሰው "በአንድ ገጽ ተጣልተው" እንዳይለኝ ነው። ጠባችን የጀመረው በበር ነው። አባታችን ትቶልን የሄደውን ቤት እኔና እህቴ ተካፍለን፣ እሷ የፊቱን ሁለት ክፍል፣ እኔ የጓሮውን አንድ ክፍል ይዘን፣ በመሃል ያለውን በር አንድም ቀን ሳንቆልፍ እንኖር ነበር። ይህ ሰው አግብቷት ገባና በሳምንቱ በሮቹን ሁሉ ቀይ ቀባቸው። ማንንም አልጠየቀም። ከፋብሪካ የተረፈ የቧንቧ ቀለም ነው፤ እስከ ዛሬ ስነካው እጄ ላይ የሚቀር ይመስለኛል። ለምን ብዬ ስጠይቀው "ቀይ ከሩቅ ይታያል" አለኝ። የመኝታ ቤት በር ከሩቅ ታይቶ ምን ሊሆን ነው?

የምንሠራውም አንድ ቦታ ነው፤ ወተት ማቀነባበሪያ ፋብሪካ። እሱ የቧንቧ እጥበት ፈረቃ አለቃ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከቧንቧ ጋር ኖሯል፤ ከሰው ጋር መኖር ግን ገና አልተማረም። እኔ የሰነድ ክፍል ነኝ። ቢሮዬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማተሚያና የወተት ቦቴዎች የሚቆሙበትን ግቢ የሚያይ አንድ መስኮት አለው። ከአራት ዓመት በፊት አስተዳደሩ በቅባት የራሰው የመመሪያ ደብተር ሲሰለቸው ዊኪውን ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። ዊኪ ማለት ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ገብቶ የሚያነበው፣ ሲፈልግም የሚያርመው ገጽ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ገጽ አለው። ሠራተኛው በየክፍሉ በተሰቀለው ስክሪን ላይ ገጹን ከፍቶ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ደረጃ በደረጃ ይሠራል።

አጻጻፉ ልጅ የሚችለው ነው። ቃል እንዲደምቅ ከፈለጋችሁ በግራና በቀኙ ሦስት ሦስት ነጠላ ጥቅስ ታደርጋላችሁ። ርእስ ከሆነ በእኩል ይሆናል ምልክት ታቅፉታላችሁ። ተራ ቁጥር ካስፈለገ ደግሞ በመስመሩ ራስ ላይ # ታስቀምጣላችሁ፤ ማሽኑ ራሱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥርላችኋል። በመሃል አዲስ መስመር ብታስገቡ እንኳ ቁጥሩን እሱ ያስተካክለዋል። ሰው ቢስቅብኝ ይሳቅ፣ የተስተካከለ ገጽ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

የእህቴ ባል ግን ከየት እንደሆነ እንጃ ኤችቲኤምኤል የሚሉትን የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ቁራጭ ለቃቅሞ መጣ። ጽሑፍን ቀይ የሚያደርገውን፣ ፊደልን እንደ ቤት የሚያገዝፈውን፣ መስመር የሚሰብረውን ትእዛዝ በማዕዘን ቅንፍ እየከተተ በገጾቼ ላይ እንደ ጨው ይነሰንስ ጀመር። "ተጠንቀቅ" የሚለው ቃል ቀይ ሆኖ የስክሪኑን ግማሽ ይይዛል። ቁጥሮቹን በእጁ ይጽፋል፤ በየመስመሩ መጨረሻ የመስበሪያውን ትእዛዝ ሁለት ሦስቴ ይደረድራል። ገጹ የጨረታ ማስታወቂያ መሰለ። "ቀይ ብዕር" የሚል ስም ያወጣሁለት ያኔ ነው፤ ስሙም ተያዘለት። አንድ ቀን ፊቱ ላይ እንደጠሩት ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

እሱ ያበላሻል፣ እኔ አስተካክላለሁ፤ እሱ መልሶ ያበላሻል። በዊኪ ማንም የነካው ነገር አይጠፋም። ገጹ ጥግ ላይ "ታሪክ" የሚል ቦታ አለ፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደለወጠ ተደርድሮ ይቀመጣል። ለውጡን ከማስቀመጣችሁ በፊት ደግሞ "ምን አደረጋችሁ?" ብላ የምትጠይቅ አንዲት ጠባብ ሳጥን አለች። የኛ ጠብ እዚያች ሳጥን ውስጥ ነበር። እሱ "ማን ነካው?" ብሎ ይጽፋል። እኔ "ዓይን ያለው ሰው" ብዬ እመልሳለሁ። እሱ "እጅ ያለው ሰው ይሠራበት" ይላል። ቤት ውስጥ ግን አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን እህቴ መሃል ሆና ጨው አቀብለኝ እንኳ አንባባልም። ቤት አንተ እለዋለሁ፤ ፋብሪካ ስገባ እርስዎ ነው የምለው። አክብሬው አይደለም፣ እንዲርቅልኝ ነው።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ዜሮው ነበር። የእጥበት ገጹን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ዜሮ፦ የወተቱን ቫልቭ ዘግተህ ጓጉንቸርህን አንጠልጥል። አንድ፦ በውሃ አለቅልቅ። እንዲህ እያለ ይወርዳል። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቁሜ ጠየቅኩት።

"ሕፃን እንኳ ከአንድ ነው የሚቆጥረው። ዜሮ ብሎ የሚጀምር ሰው የት አይተዋል?"

"ዜሮ ሥራ አይደለም" አለኝ፤ ወትሮም ሲያስረዳ የሚሰድብ ይመስላል። "ዜሮ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያለው ነው። ቆልፈህ ነው አንድ የምትለው። ቧንቧ ቤት ያለ ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚነጋገረው። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ዜሮዬን እንዳትነኪ።"

"ዜሮዬን" አለ። እኔም ለሰው ሁሉ "የራሱን ማዕረግ ነው የሚከላከለው" እያልኩ አወራሁ።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ገጹን እንደገና ነካካው። ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስከፍተው ደሜ ፈላ። በየመስመሩ ራስ ላይ የኔን # አስቀምጧል፤ አጠገቡ ደግሞ የራሱን ቁጥር በእጁ ጽፏል። ማሽኑም በሱ ላይ የራሱን ስለጨመረ እያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ቁጥር ይዞ ቁጭ ብሏል። አንድ ዜሮ። ሁለት አንድ። ሦስት ሁለት። የሚሳለቅብኝ መሰለኝ። ከሁለቱ ቁጥር አንዱን ማጥፋት ነበረብኝ፤ የሱን አጠፋሁ። ቀዩን አጠፋሁ፣ ትልልቁን ፊደል አሳነስኩ፣ መስበሪያዎቹን ነቀልኩ። ገጹ ከአንድ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ንጹሕ ሆኖ ወረደ። ሳጥኗ ምን አደረግሽ ስትለኝ "ቆሻሻ ማጽዳት" ብዬ ጻፍኩና አስቀመጥኩት። ከዚያ ምሳዬን በላሁ። በደንብ ነው የበላሁት።

ረቡዕ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። በመስኮት ሳይ ሰዎች እየሮጡ ወደ ቧንቧ ቤት ይገባሉ። ወርጄ ስደርስ የእህቴን ባል መታጠቢያው ሥር አቁመው ውሃ ያወርዱበታል። ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርኑ ቀልተው ቆዳው ተላጦ ነበር። አልጮኸም። ጥርሱን ነክሶ ግድግዳውን ያያል። የጮኸችው የመቆጣጠሪያ ክፍሏ ልጅ ናት፤ ገና ሦስት ወሯ ነው። "ስድስት አልቋል ብዬው ነበር! ስድስት ብቻ ነው ያልኩት!" እያለች ደረቷን ትመታለች።

የሆነው ይህ ነው። ልጅቷ ላይኛው ክፍል ሆና ፓምፑንና ቫልቮቹን ከሰሌዳው ላይ ታንቀሳቅሳለች፤ እሱ ታች ማጣሪያው ዘንድ ይቆማል። ቧንቧው ውስጥ የሚዞረው የፈላ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሥጋ ይበላል። የሚነጋገሩት በሬዲዮ፣ በቁጥር ብቻ ነው፤ በዚያ ጫጫታ ሌላ ነገር አይሰማም። በሱ አቆጣጠር አምስት ፓምፑን ማጥፋት፣ ስድስት ኮስቲኩን ማፍሰስ፣ ሰባት የማጣሪያውን ክዳን መክፈት ነው። እሱ ገጽ አያይም፣ በቃሉ ነው የሚሠራው። ልጅቷ ግን አዲስ ስለሆነች ዓይኗ ከገጹ አይነቀልም። እኔ ባጸዳሁት ገጽ ላይ ሁሉም በአንድ ከፍ ብሎ ፓምፑን ማጥፋት ስድስት ሆኗል። ፓምፑን አጠፋችና "ስድስት አልቋል" አለችው። እሱ ፈሷል ብሎ ክዳኑን ፈታ። ፓምፑ ስለጠፋ የግፊት መለኪያውም ምንም አላሳየም። ቧንቧው ግን ሙሉ ነበር። ጓንቱ እስከ አንጓው ብቻ ነው፤ በአፉ ሞልቶ ገባበት።

ይህን ያኔ አወቅሁ ወይ? "ስድስት" የሚለውን ቃል ከልጅቷ አፍ ስሰማ ሰኞ ያጸዳሁት ገጽ ትዝ አለኝ። ግን ወደ ላይ ወጥቼ ገጹን አልከፈትኩም። ማስታወቂያ ሰሌዳ የምታጸዳ ሴትዮ መስዬ ወረቀት ሳስተካክል ዋልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እኔ የጣልኩት የሰው እጅ ነው፤ ያውም የእህቴ ባል እጅ።

በማግሥቱ እህቴ ቢሮዬ መጣች። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ፋብሪካው ደጃፍ እንኳ ደርሳ አታውቅም። የሱን ዕቃ ከዕቃ ክፍል ሰጥተዋት በላስቲክ ከረጢት ይዛለች፦ ቦት ጫማው፣ የተበላሸው ቱታው፣ ቫልቭ የሚቆልፍበት ቀይ የተቀባ ጓጉንቸሩ ከነቁልፉ። ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

"እንዴት አደረ?" አልኳት።

"ሲያቃስት አደረ። ሐኪሙ የቀኝ እጁ ጣቶች ይታጠፉ አይታጠፉ እንጃ ብሏል።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ነገ ኮሚቴ ፊት ቅረብ ብለውታል። የራስህን መመሪያ ጥሰህ ነው፣ ልትሰናበት ነው ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ በዚያ እጁ ደግሞ ማን ይቀጥረዋል? አንድ ነገር ጠይቂያት ብሎ ላከኝ። እኔ አይገባኝም፤ እንዳለኝ ነው የምነግርሽ። 'እኔ ባለፈው ሐሙስ ከጻፍኩ በኋላ ገጹን የነካ ሰው አለ ወይ?' በያት አለ።"

"ለምን እኔን ይጠይቀኛል?"

"የምታውቀው እሷ ናት አለ።"

"ማንም አልነካውም" አልኩ።

"ማንም?"

"ማንም አልኩሽ እኮ፣ እትዬ።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እውነት ለመናገር ግን አላመለጠኝም፤ ጉሮሮዬ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። እህቴ አንገቷን ደፋች።

"እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "እኔ ነኝ እኮ የገፋፋሁት። አንድ ቀን እንኳ እህቴ እንደምትለው ጻፍላት፣ ምን ይሆናል፣ ሰላም እንድትሆኑ ብዬ ለምኜው ነው። ሐሙስ ዕለት በዚያች ባንቺ ምልክት ልጽፍላት ብሎ ሲታገል ነው ከሥራ የቆየው። ቁጥሩ ሁለት ሁለት ሆነብኝ፣ ትስቅብኛለች እያለ መጣ።"

ሁለቱ ቁጥሮች የእርቅ ነበሩ ማለት ነው። እኔ ለመሳለቅ ነው ያልኩት ነገር።

እህቴ ከወጣች በኋላ የገጹን ታሪክ ከፈትኩ። ሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ስሜ፣ ከጎኑ "ቆሻሻ ማጽዳት"። የዊኪው አስተዳዳሪ እኔ ነኝ፤ ገጹን ሰርዤ እንደ አዲስ ብፈጥረው ታሪኩ ከሰው ዓይን ይጠፋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆየሁ። አልሰረዝኩትም። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ታሪኩ የተቀደደ ገጽ ማየት አልችልም። እህቴን ዓይኗን እያየሁ መዋሸት ቻልኩ፣ ገጽ መቅደድ ግን አቃተኝ። እንዲህ ያለች ሰው ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊው ደወለልኝ። "የእጥበት ገጹን አትመሽ አምጪ። አሁን ያለውን ብቻ፣ ሌላ ዝባዝንኬ አያስፈልገኝም" አለ። ታሪክ የሚባል ቦታ መኖሩን እንኳ አያውቅም። አሁን ያለውን አተምኩና ይዤ ወረድኩ። ልቤ የሚለኝን ልንገራችሁ፦ አልተጠየቅሽም፣ አትናገሪ።

የስብሰባ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ አለው፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። ኃላፊው ከላይ ተቀመጠ፤ ግራና ቀኙ ሁለት ቃለ ጉባኤ የሚይዙ ሰዎች። የመቆጣጠሪያ ክፍሏ ልጅ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። እህቴን በር ላይ አስቀርተዋታል፤ ባሏን ደግፋ ያመጣችው እሷ ናት። እሱ ሁለት እጆቹ እንደ ሕፃን በነጭ ተጠቅልለው ደረቱ ላይ ታቅፏቸው ገባ። ወንበር የሳበለት ሰው አልነበረም፤ በእግሩ ሳበው።

ኃላፊው ያተምኩትን ወረቀት አውለበለበበት። "እዚህ ላይ ክዳን መክፈት ስምንት ነው። ልጅቷ ስድስት አልቋል አለች። ሰባትን ዘለህ ከፈትክ። የሃያ ሁለት ዓመት ሠራተኛ! የጻፍከው አንተ፣ የጣስከውም አንተ።"

እሱ አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየው። በእጁ ሊይዘው ስለማይችል ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ገፋለት። ረጅም ጊዜ አነበበ።

"ዜሮዬ የለም" አለ።

"ምን ዜሮ?"

"ከዜሮ ነው የምንጀምረው። እዚህ ከአንድ ይጀምራል።" ከንፈሩን ላሰ። "ከዜሮ ቢጀምር ማፍሰሱ ስድስት ነበር። ልጅቷ ትክክል ናት፣ የተጻፈውን ነው ያነበበችው፤ እሷን ተዉአት።"

"ዜሮውን ማን አጠፋው?"

የእህቴ ባል ዓይኑን ከወረቀቱ ነቀለ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ለመክሰስ አልነበረም። ዕቃ ተውሶ የሰበረ ሰው አስተያየት ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ። "ባለፈው ሳምንት ሐሙስ በአዲስ ምልክት ልጽፍ ስሞክር ነገሩ ተምታታብኝ። ላስተካክል ብዬ ነካካሁና ፈረቃ ደርሶ ጥዬው ወጣሁ። በጣቴ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"እርግጠኛ ነህ? ሌላ ሰው አልገባበትም?"

"አስጠይቄያለሁ። ማንም አልነካውም ብላለች።" በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። "ይህች ልጅ ዓይኔን ማየት አትፈልግም። እኔም የሷን አልፈልግም፤ እሳትና ጭድ ነን። ስለ ገጽ ግን አትዋሽም። እሷ አልተነካም ካለች አልተነካም።"

ኃላፊው ብዕሩን አነሳ። "እንግዲህ ጥፋተኝነቱን አምኗል ብላችሁ ያዙ" አላቸው ጸሐፊዎቹን።

አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ አንድ የሙገሳ ቃል ሰምቼ አላውቅም። የሰማሁት የመጀመሪያው ይህ ነው። ውሸት ሆኖ ደረሰኝ። ጠላሁት። እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም፤ እንደ ወትሮው ቢሰድበኝ ኖሮ ዝም ብዬ እወጣ ነበር።

"ቆይ" አልኩ። ተነስቼ ኮምፒውተሩ ጋ ሄድኩና ገጹን ግድግዳው ላይ ከፈትኩት። "ታሪክ" የሚለውን ነካሁ። መስመሮቹ ተደርድረው ወጡ። "ሰኞ፣ አራት ሰዓት ከሃያ። እኔ ነኝ። የሱን ቁጥሮች አጥፍቼ የማሽኑን የተውኩት እኔ ነኝ። ዜሮውን እንዳልነካ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር።"

ኃላፊው መነጽሩን አደረገ። "ከጎኑ ያለው ምን ይላል?"

"ቆሻሻ ማጽዳት" አልኩ።

"ጮክ በይ።"

"ቆሻሻ ማጽዳት ይላል።"

ልጅቷ ጥግ ላይ ማልቀስ ጀመረች። የእህቴ ባል ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ እጆቹን አየ።

"በገጽም ትዋሻለሽ" አለ።

ከዚያ በኋላ ኃላፊው ብዙ ጮኸ፤ የእምዬን ወደ አብዬ ከሚሉ ሰዎች ጋር መሥራት እንዴት እንደሰለቸው ተናገረ። ባጭሩ የሱ ክስ ተነሳ፤ የኔ ተጀመረ። የዊኪውን ሥልጣን ዛሬውኑ አስረክቢ፣ ደብዳቤ ይደርስሻል አለኝ። አንዱ ጸሐፊ "ገጹስ?" ብሎ ጠየቀ። "የከሰዓቱ ፈረቃ ቧንቧ ያጥባል።"

"እሷ ትመልሰው" አለ የእህቴ ባል። "እኔ መጻፍ አልችልም።"

ስለዚህ ሰዎቹ ሁሉ ወጥተው ሁለታችን ቀረን። እኔ ተቀመጥኩ፤ እሱ ከኋላዬ ቆመ። መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። በ# ከዜሮ መጀመር አይቻልም፤ ማሽኑ ሁልጊዜ አንድ ብሎ ነው የሚነሳው። ቁጥር ከዜሮ እንዲጀምር ያ የምጠየፈው ኤችቲኤምኤል ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩን በማዕዘን ቅንፍ ከፍቶ "መነሻህ ዜሮ ነው" ብሎ ማዘዝ። ጻፍኩት። እሱ አንድ በአንድ አስጻፈኝ፤ ማፍሰሱ ስድስት፣ ክዳኑ ሰባት።

"ዜሮውን ቀይ አድርጊው" አለ።

አደረግሁት።

"አተልቂው።"

አተለቅሁት። የጨረታ ማስታወቂያ መሰለ። ዳር ሆኜ ሳየው ግን፣ ከሩቅ ይታያል።

ሳጥኗ ምን አደረግሽ አለችኝ። "ምን ልጻፍ?" አልኩ።

"ያደረግሽውን።"

"ዜሮውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ መልሼዋለሁ" ብዬ ጻፍኩና አስቀመጥኩት። ከወንበሬ ስነሳ መንገድ አልለቀቀልኝም።

"ይቅርታ" አልኩ።

"አልፈልገውም። ወስደሽ ገጽሽ ላይ ለጥፊው።" በሩን በአገጩ አሳየኝ። "ውጭ ተቀምጣለች። ትናንት ላንቺ ስትምልልኝ ነው ያመሸችው። አንቺው ንገሪያት፤ እኔ ብነግራት 'እህቴን ስለምትጠላት ነው' ትለኛለች።"

እህቴ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተነሳች። የሱን ካፖርት ክንዷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ያ ላስቲክ ከረጢት እግሯ ሥር ነው። ስታየኝ ፊቷ በራ።

"ክሱ ተነሳለት አሉኝ!" አለች እጄን ይዛ። "አልኩት እኮ። እህቴ እዚያ ውስጥ እያለች አትወድቅም አልኩት።"

"እትዬ፣ ገጹን የነካሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም። "ምኑን?"

"ቁጥሩን። ሰኞ ዕለት። በሱ ምክንያት ነው ክዳኑን ያለ ጊዜው የከፈተው።"

ስለ ቁጥር አልጠየቀችኝም፤ እሷ እንደሆነ ዊኪም ሆነ # አታውቅም። እጄን ለቀቀችኝና "ትናንት ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?" አለች።

"አውቅ ነበር።"

ካፖርቱን በባሏ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችና ክንዱን ከላይ በኩል፣ ፋሻው በማይደርስበት፣ ደግፋ ወሰደችው። ከረጢቱን ላቀብላት ጎንበስ ስል ቀደመችኝ።

የሥልጣን ርክክቡን ፈርሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ክፍሌ እንደተውኩት ነው። በመሃል ያለው ቀዩ በር ገርበብ ብሎ ነበር የሚኖረው፤ ተዘግቷል። ገፋሁት። ከወዲያ በኩል ብረት ተንቀጫቀጨ። በስንጥቁ ሳይ መቀርቀሪያው ላይ የተንጠለጠለው ያ የሥራ ጓጉንቸሩ ነው። ውስጥ የእህቴ የስፌት መኪና ይሰማል። "እትዬ" ብዬ ጠራኋት። መኪናው አንድ ጊዜ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ።